በግራ ጎኔ መተኛት ያቃተኝ ጊዜ

ነገሩ የጀመረው አልጋ ላይ ነው። በግራ ጎኔ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል። ወደ ቀኝ ስዞር ይለቀኛል። መጀመሪያ ትራሱ ዝቅ ብሎብኝ ነው አልኩና ሌላ ጨመርኩበት። ቀጥሎ ፍራሹ ጎድጉዶ ነው ብዬ ገለበጥኩት። በመጨረሻ ነገሩን ተውኩት፤ በቀኝ ጎኔ መተኛት ለመድኩ። ሰባት ወር ያህል እንዲህ ኖሬ ለአንድም ሐኪም አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? «ዶክተር፣ በግራ በኩል እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ብሎ ካርድ የሚያወጣ ሰው አለ እንዴ?

ለካ ከነበሩኝ ምልክቶች ሁሉ ዋናው እሱ ኖሯል። ልቤ ውስጥ እንቁላል የሚያህል ዕጢ ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። አሁን ቀዶ ጥገናውን ካደረግሁ ሁለት ዓመት ከአራት ወር አልፎኛል። ያኔ በሽታው ሲነገረኝ፣ በዚህ ያለፈ ሰው የጻፈውን በአማርኛ ፈልጌ አጥቻለሁ። የምጽፈው ለዚህ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀው የራሴን ደረትና ሐኪሞቼን በጥያቄ አሰልችቼ ያገኘሁትን ነው።

ያን ሰሞን የሚያመኝ አንድ ነገር ብቻ አልነበረም። አመሻሽ ላይ ቀላል ትኩሳት ይመጣል፣ ጠዋት የለም። መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል። ምንም ሳልቀንስ እየበላሁ ስድስት ኪሎ ወረድኩ። ደረጃ ስወጣ መሀል ላይ ቆሜ ስልኬን የማይ እመስላለሁ፤ እውነቱ ግን ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነው። ጎንበስ ብዬ ስነሳ ደግሞ ዓይኔ ይጨልማል።

እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ይዤ ለየብቻ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ትንፋሽ ያጥረኛል ያልኩት ሐኪም አስም ይሆናል ብሎ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ድካም ያልኩት ደም ማነስ አግኝቶ የአይረን ኪኒን አዘዘልኝ። ክብደት ቀነስኩ ያልኩት እንቅርት ጠርጥሮ የሆርሞን ምርመራ አሠራ፤ ደህና ነው ተባልኩ። ትኩሳቱን ሲሰሙ ቲቢም ተጠርጥሮ አክታ ሰጥቻለሁ። አንዱ ላቦራቶሪ ኢኤስአር የሚባለው የደም ምርመራ በጣም ከፍ ማለቱን አሳይቶ ነበር፤ ሰውነት ውስጥ የሆነ የተቆጣ ነገር አለ ማለት ነው፤ የት እንዳለ ግን አይናገርም። የመጨረሻው ሐኪም ወረቀቶቹን አገላብጦ «ጭንቀት ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ያድርጉ» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ግን አልፈርድበትም። የሰጠሁት ቁርጥራጭ ነው፣ ከቁርጥራጭ ምን ሊሠራ ይችላል?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ደብቄ ነበር። ደብቄ ስል ለራሴም ጭምር ነው። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ እየጻፍኩ እያለ እስክሪብቶው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ብል የቀኝ እጄ ጣቶች አይታዘዙም። አጠገቤ ያለችውን ባልደረባዬን ልጠራት ስል ምላሴ ተሳሰረ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ደም ግፊቴ ወርዶ ነው ብዬ ውኃ ጠጥቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሞኝነት እኮ ነው! እጅ ሲዝል፣ አፍ ሲጣመም ወይም ንግግር ሲንተባተብ፣ ቢመለስም ባይመለስም፣ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

ሁሉን የፈታው ጫማ ነው። አንድ ጠዋት የጫማዬን ክር አስሬ ቀና ስል ወደቅሁ። የነቃሁት ታናሽ እህቴ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብላ ስሜን ስትጠራ ነው። ሆስፒታል ወሰደችኝ። ያየችኝ ሐኪም ገና ወጣት ናት፤ ምናልባት ትምህርቷን ከጨረሰች ብዙም አልሆናትም። ግን ሌሎቹ ያልጠየቁኝን ጠየቀችኝ።

«ሲቀመጡ ነው የሚብስብዎት ወይስ ሲተኙ?»

እኔ ዝም አልኩ። እህቴ ቀደመችኝ፣ «በግራ ጎኗ አትተኛም እኮ። እኔ ጋ ስታድር ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው የምታነጋው» አለች።

ሐኪሟ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቁጭ አድርጋ አዳመጠችኝ። አስተኝታ አዳመጠችኝ። በግራ ጎኔ አዙራ ረጅም ጊዜ አዳመጠችኝ። የሚትራል ቫልቭ፣ ማለትም የአንዱ የልብ በር፣ መጥበብ የሚመስል ድምፅ እንደሰማች ነገረችን። «ግን ድምፁ እንደ አተኛኘትዎ ይለዋወጣል። የጠበበ ቫልቭ እንዲህ አያደርግም። ዛሬውኑ ኢኮ ይነሱ» አለችኝ። ይህች ልጅ ሕይወቴን አትርፋለች። ያተረፈችኝ ደግሞ በውድ መሣሪያ ሳይሆን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ጠይቃ ነው።

ኢኮ የልብ አልትራሳውንድ ነው። አያምም። ቀዝቃዛ ጄል ደረት ላይ ይቀቡና መሣሪያውን ጫን እያደረጉ ያዞሩታል። የሚገርመው፣ ኢኮ ሲነሱ የሚተኙት በግራ ጎን ነው! ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ጠጋ ስለሚል ምስሉ ይጠራል። እኔ ግን እንደተኛሁ ትንፋሼ መቆራረጥ ጀመረ። ባለሙያው መጀመሪያ ስለ ሥራዬ እያጫወተኝ ነበር። በመሀል ዝም አለ። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ለካ። ከዚያ «አንዴ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ኢኮ የሚያነሳ ሰው ወሬውን ሲያቋርጥ ነገር እንዳለ ይገባችኋል።

የልብ ስፔሻሊስቱ ሲገባ ስክሪኑን ወደኔ አዞረልኝ። ልብ ሲመታ አይቼ አላውቅም ነበር። ጥቁር ክፍተቶች አሉ፣ በመሀላቸው እንደ በር የሚከፈቱና የሚዘጉ ነጫጭ ቀጫጭን ነገሮች። ከበሩ በላይ ደግሞ ግራጫ ድብልብል ነገር አለ። በሩ ሲከፈት ወደ በሩ ይወድቃል፣ ሲዘጋ ወደ ላይ ይመለሳል። በየምቱ። ወርዶ ይመለሳል፣ ወርዶ ይመለሳል። ርዝመቱ 5.2 ሴንቲ ሜትር ነበር።

«ይሄ ነው በግራ እንዳይተኙ የከለከለዎት» አለኝ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። ልብ አራት ክፍል አለው። ከሳንባ የሚመጣው ንጹሕ ደም መጀመሪያ የሚገባው በግራ በኩል ካለው የላይኛው ክፍል ነው። ከዚያ በሚትራል ቫልቭ አልፎ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ወደ መላው ሰውነትም ይረጫል። የኔ ዕጢ የበቀለው የግራውንና የቀኙን የላይኛ ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ላይ ነው። በአጭር ግንድ የተያዘ ስለሆነ ይንቀሳቀሳል። ሰውነቴ አቀማመጡን ሲቀይር ዕጢው ሄዶ ቫልቩ አፍ ላይ ይደነቀራል። ደም ወደ ሳንባ ይጠራቀማል፤ ትንፋሽ ያጥራል። በሩን ለአፍታ ሙሉ ለሙሉ ከደፈነው ደግሞ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ሰው ይወድቃል። በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅም ከዚሁ ነው የሚመጣው። ሐኪሞች ዕጢው ሲወድቅ የሚያሰማውን ድም የሚል ድምፅ ለብቻው ስም አውጥተውለታል።

ትኩሳቱስ? ክብደቱስ? ይህ ዓይነቱ ዕጢ ኢንተርሉኪን 6 የሚባል ሰውነትን የሚያስቆጣ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ትኩሳቱ፣ ቁርጥማቱ፣ ደም ማነሱ፣ የኢኤስአሩ መጨመር ከዚያ ነው። አራት ሐኪም ጋ በአራት ካርድ የዞርኩበት ሁሉ ምንጩ አንድ ነበር። እጄና ምላሴ የተያዙበት ደግሞ የዕጢው ቁራሽ ተቆርሶ ወደ አንጎል ሄዶ ነው። በኋላ የአንጎል ኤምአርአይ ሲነሳ ትንሽ ጠባሳ በግራ በኩል ታይቷል።

የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ካንሰር ነው?» የሚል ነበር። ማንም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱን ለያይቼ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ በዚህ ጉዳይ ሁለት ሌሊት ኢንተርኔት ላይ አድሬ ራሴን በከንቱ ገድያለሁ። ከልብ ራሱ የሚነሳ ዕጢ እጅግ ብርቅ ነው። በአስከሬን ምርመራዎች የሚገኘው ከ10,000 ሰው በሁለቱ ገደማ ነው። ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከሳንባ፣ ከጡት ወይም ከቆዳ ካንሰር ተሠራጭቶ ልብ ላይ የሚያርፈው ግን ከዚህ ከ20 እጥፍ በላይ ይበዛል። ስለዚህ ሐኪሙ ጡቴንና ሳንባዬን ጭምር ማስመርመሩ ተገቢ ነው፤ አትደንግጡ። ከልብ ከሚነሱት ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ካንሰር አይደሉም። በአዋቂዎች ዘንድ በብዛት የሚታየው ማይክሶማ የሚባለው ነው፤ የኔም እሱ ነበር። ከአራት ማይክሶማ ሦስቱ በግራው የላይኛ ክፍል ይበቅላሉ። ከ30 እስከ 60 ባለው ዕድሜ፣ ከወንድ ይልቅ በሴት ይበዛል። እኔ 47 ዓመቴ ነበር። ፎርሙን በትክክል የሞላሁ ነኝ ማለት ይቻላል።

ማይክሶማ ካንሰር ባይሆንም የዋህ አይደለም። የሚገድለው በመሠራጨት ሳይሆን በር በመዝጋትና በመቆረስ ነው።

ሌሎች ዓይነቶችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ቫልቭ ላይ የሚበቅል ፓፒላሪ ፋይብሮኤላስቶማ የሚባል ትንሽ ፀጉራም ዕጢ አለ፤ አደጋው ስትሮክ ነው። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚገኘው ራብዶማዮማ ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ከሚባል የዘር ሕመም ጋር ይያያዛል፣ ደስ የሚለው ደግሞ ልጁ ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ እየከሰመ ይሄዳል፤ ካላስቸገረ አይነኩትም። አደገኛው አንጂዮሳርኮማ ነው። ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ይነሳል፣ የልብን ግድግዳ ሰርስሮ ይገባል፣ በልብ ዙሪያ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ያጠራቅማል። ሕክምናውም የተስፋው ልክም ከኔ ፍጹም የተለየ ነው። የእናንተ ዕጢ ሌላ ዓይነት ከሆነ የኔን ታሪክ እንዳለ አትውሰዱት።

ከኢኮው በኋላ አላስወጡኝም። እኔ ግን ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ልመለስ ብዬ ተከራከርኩ። ቀዶ ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። «መሄድ ይችላሉ። ግን በነዚህ ሁለት ሳምንታት አንድ ቁራሽ ቢሄድ፣ ልጆችዎን በስማቸው መጥራት ላይችሉ ይችላሉ» አለኝ። ተኛሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እየወሰድኩ ብቆይስ ብዬም ጠይቄ ነበር። የሚሄደው የረጋ ደም ብቻ ሳይሆን የዕጢው ሥጋ ስለሆነ በመድኃኒት ላይ መተማመን አይቻልም ተባልኩ። ሌላ ሐኪም ማማከር መብታችሁ ነው፣ አማክሩ፤ ነገር ግን በቀናት እንጂ በወራት አይሁን።

ቀጣዩ ሥራ ዕጢ ነው ወይስ የረጋ ደም ነው የሚለውን መለየት ነበር። ሁለቱም በኢኮ ላይ ድብልብል ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ የልብ ምታቸው የተዛባ ሰዎች ላይ ነው የሚገኘው፤ የሚቀመጠውም ከላይኛው ክፍል ጎን ባለችው ትንሽ ኪስ ውስጥ ነው። ማይክሶማ ደግሞ ግድግዳው መሀል ላይ፣ በግንድ። ይህን ለማጥራት በጉሮሮ የሚገባ ኢኮ ተነሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ ከቀዶ ጥገናው በላይ የፈራሁት እሱን ነው። ጉሮሮን የሚያደነዝዝ ነገር ይረጩላችኋል፣ የሚያረጋጋ መርፌ ይሰጣሉ፣ ጥርስ መሀል ፕላስቲክ ያስነክሳሉ። «ምራቅ እንደሚውጡ ይዋጡት» ይላሉ። አንዴ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ያልፋል። የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ ተለጥፎ ስለሚያልፍ ምስሉ ከደረት ከሚነሳው ብዙ ይጠራል። የዕጢው ግንድ የት እንደተጣበቀ የታየው በዚህ ነው።

ኤምአርአይ ደግሞ ዕጢው ከምን እንደተሠራ ይናገራል። ቀለም በደም ሥር ሲሰጥ የደም ሥር ያለው ዕጢ ቀለሙን ይቀበላል፣ የረጋ ደም በአብዛኛው አይቀበልም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። «ትንፋሽ ይያዙ… ይልቀቁ» እየተባለ ነው የሚያልቀው። ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከባድ ነው። ካቃታችሁ በእጃችሁ ያለችውን ደወል ተጫኑ፤ ይጠብቋችኋል።

ናሙና ለምን አይወሰድም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄአለሁ። የግራ ልብ ማይክሶማን በመርፌ መንካት ቁራሹን ወደ አንጎል መላክ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁርጥ ያለው ምርመራ የሚደረገው ከወጣ በኋላ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ስለሆንኩ የልብ የደም ሥሮቼም ተፈትሸዋል፤ የጠበበ ካለ በዚያው እንዲሠራ።

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ማታ እህቴ በስልኳ ታነብልኛለች። ሪያልዶ ኮሎምቦ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪም ልብ ውስጥ ዕጢ ማግኘቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1559 ነው አለችኝ። በእርግጥ በአስከሬን ላይ። ከዚያ በኋላ ወደ አራት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይህን በሽታ የሚያገኘው የአስከሬን መርማሪ ነበር። ማይክሶማ በሕይወት ባለ ሰው ላይ በቀለም ራጅ የታየው በ1951 ነው። ጆን ጊቦን የልብና የሳንባ ማሽን ተጠቅሞ በተሳካ ሁኔታ ልብ የከፈተው በ1953። በዓመቱ፣ በ1954፣ ክላረንስ ክራፉርድ ስዊድን ውስጥ በዚሁ ዓይነት ማሽን የመጀመሪያውን የግራ ልብ ማይክሶማ አወጣ። እኔ ላይ የበራው ኢኮም የስዊድን ልጅ ነው፤ ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ኸርትዝ በሉንድ ከተማ በ1953 ነው የጀመሩት። «እናታችን ገና ልጅ ሳለች እኮ መድኃኒት አልነበረውም» አለች እህቴ። አባባሏ ገና ጆሮዬ ውስጥ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍርሃቴ ይልቅ ዕድሌ ታየኝ።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ለኔ ባዶ ነው። ማደንዘዣ ሰጪው እስከ አሥር ቁጠሪ አለኝ፤ አራት መድረሴን እጠራጠራለሁ። የሆነውን የነገረኝ ቀዶ ሐኪሙ ነው። ደረቴን መሀል ለመሀል ከፈተ። ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ተሰጠኝ፣ ቱቦዎች ገብተው ደሜ ወደ ማሽኑ ተዛወረ። እስከዚያ ድረስ ልቤን በተቻለ መጠን አልነካውም፣ ዕጢው እንዳይቆረስ። ዋናው የደም ሥር ከተያዘ በኋላ ፖታሲየም ያለበት ቀዝቃዛ ፈሳሽ ሰጥቶ ልቤን አቆመው። 52 ደቂቃ ቆሟል። በቀኙ የላይኛ ክፍል ገብቶ፣ መሀል ያለውን ግድግዳ ከፍቶ፣ ዕጢውን ከነግንዱና ግንዱ ከተተከለበት የግድግዳ ቁራጭ ጋር አወጣው። ይህ ቁም ነገር ነው። ግንዱን ብቻ ቆርጦ ሥሩን መተው ተመልሶ እንዲበቅል መጋበዝ ነው። ቀዳዳውን ከራሴው የልብ ሽፋን በተቆረጠ ቁራጭ ጠገነው። ሌሎቹን የልብ ክፍሎችም ፈተሸ፣ በፈሳሽ አጠበ፣ ቫልቩ እንዳልተጎዳ አየ።

የዕጢውን ፎቶ አሳይቶኛል። አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ጄሊ የመሰለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ቢጫና ነጭ ሆኖ እዚህም እዚያም ደም የቋጠረ። ጫፉ ልፍስፍስ ያለ ነው። ይህን ይዤ ደረጃ ስወጣ ነበር ብዬ ራሴን ታዘብኩ።

ስነቃ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ አለ። ማንም ሲነግረኝ ስላልሰማሁ በጣም ደነገጥኩ። መናገር አይቻልም፣ እጅ ቱቦውን እንዳይነቅል በለስላሳ ጨርቅ ታስሯል። ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። ከማሽኑ ጋር አትታገሉ፣ እንዲተነፍስላችሁ ተዉት። ከቤተሰብ ጋር ደግሞ ቀድማችሁ የእጅ ምልክት ተስማሙ። እኔና እህቴ አንድ ጭምቅ «አዎ»፣ ሁለት «አይ» ተባብለን ነበር። በጣም ጠቅሞኛል።

ከሕመሙ የከፋው ሳል ነው። ትራስ ደረት ላይ ጥብቅ አድርጎ ታቅፎ መሳል ያስፈልጋል። ሦስት ኳስ ያላት የትንፋሽ መለማመጃ ይሰጧችኋል፤ እየሳባችሁ ኳሶቹን ታነሳላችሁ። ሞኝ ጨዋታ ትመስላለች፣ ግን ሳንባ ፈሳሽና አክታ እንዳይቋጥር የምታደርገው እሷ ናት። የደረት ቱቦዎቹ ሲወጡ አንዴ ያቃጥላል፣ ከዚያ ቀለል ይላል።

በሦስተኛው ቀን ሌሊት ልቤ መዝለል ጀመረ። 140፣ ደግሞም የተዘበራረቀ። አለቀልኝ ብዬ ነበር። ነርሷ ግን ብዙም አልደነቃትም። ልብ ከተከፈተ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምት መዛባት ከሦስት ሰው አንዱን ገደማ ያገኘዋል። በደም ሥር መድኃኒት ሰጡኝ፣ በማግስቱ ተስተካከለ። አምስተኛው ቀን ደግሞ ያለምንም ምክንያት አለቀስኩ። ሻወር ገብቼ፣ ጠባሳዬን አይቼ፣ ተንሰቀሰቅሁ። ይሄም የተለመደ ነው አሉኝ። ለሳምንታት ከቆየና እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ ግን ለሐኪም ይነገራል።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያስቸገሩኝ ትናንሽ ነገሮች ናቸው። የደረት አጥንት በብረት ሽቦ ነው የሚታሰረው፤ ለመግጠም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። እስከዚያ ከአራትና አምስት ኪሎ በላይ አይነሳም፣ በክንድ ተደግፎ ከወንበር አይነሳም፣ መኪና አይነዳም። ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ ወደ ጎን መዞር፣ እግርን ማውረድ፣ ከዚያ ቀና ማለት። ለሴቶች አንድ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ከፊት የሚቆለፍ፣ ብረት የሌለው ለስላሳ የጡት መያዣ ገና ሆስፒታል ሳላችሁ አዘጋጁ። የጡት ክብደት ቁስሉን ወደ ግራና ቀኝ ይጎትተዋል፣ ያማልም። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ስትንቀሳቀሱ አጥንቱ ቀጭ ቀጭ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ዕጢ የተመረመረበት ውጤት በሳምንቱ መጣ። ማይክሶማ፣ ጠርዙ ንጹሕ። ተመልሶ ይመጣል ወይ አልኩ። ብቻውን የበቀለና በደንብ የወጣ ከሆነ የመመለስ ዕድሉ ከመቶ ጥቂት ነው። በዘር የሚመጣው ግን ይለያል። ካርኒ ኮምፕሌክስ የሚባል አለ። በብዛት በወጣትነት የሚታይ፣ ከአንድ በላይ ዕጢ ያለው፣ ከንፈርና ዐይን ሽፋን ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ የሚያወጣ፣ ሆርሞን የሚያዛባ። እሱ ከተጠረጠረ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት ሁሉ ኢኮ ይነሳሉ። እኔ ላይ ምልክቱ የለም፤ ሐኪሜም ቤተሰቤን መመርመር ግዴታ አይደለም ብሎኛል። እህቴ ግን ሄዳ ተነሳች። ንጹሕ ሆና ስትወጣ «ቢያንስ አንዳችን በግራ እንተኛለን» ብላ ቀለደችብኝ።

ሌላም አለ። የኢኮውን ሲዲ፣ የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻና የፓቶሎጂውን ወረቀት ኮፒ አስቀሩ። በዓመቱ ለክትትል ስሄድ ሌላ ባለሙያ ነበር ያየኝ፣ ታሪኬን አያውቅም። ወረቀቱን ሰጠሁት። ያው ቀዝቃዛ ጄል፣ ያው ጠባብ አልጋ።

«በግራ ጎንዎ ይዙሩ» አለኝ።

ዞርኩ። ትንፋሼን ጠበቅሁ። ምንም አላለኝም። እሱ እየለካ ስለ አየሩ ያወራል፣ ወሬውን አላቋረጠም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ቆም ብሎ በጣቱ አሳየኝ። በሁለቱ ክፍሎች መሀል ነጣ ያለች ቀጭን መስመር።

«ጥገናዎ ይቺ ናት» አለና ጄሉን የምጠርግበት ወረቀት አቀበለኝ።